ለርስቱ የሚሟገት ሰው ስለ አካሉ ለምን ዝም ይላል?

በጎጃም አገር ስለ አንድ ክንድ ድንበር የሚደረገውን ሙግት ያየ ሰው የባላገሩን አንደበት አይረሳውም። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳዩ ነጠላውን አደግድጎ ዳኛ ፊት ሲቆምና ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ሲለው ንግግሩ እንደ ቅኔ የተመዘነ፣ ምክንያቱም አንዱ ከአንዱ የተያያዘ ነበር። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ሲባል የኖረውም በከንቱ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያን ያህል ተቃውሞ ካነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴም ከእጄ ይወጣል የሚል ሥጋት ስላደረበት መሆኑ በታሪክ ተጽፏል።

ነገር ግን ይኸው ተሟጋች ሰው ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ፣ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል። ስለ አንድ ክንድ መሬት ሦስት ዓመት የተሟገተ ሰው ስለ ገዛ ሆዱ፣ ስለ ገዛ እግሩ፣ ስለ ገዛ ዐይኑ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ይተኛል። ይህ ለምን እንደ ሆነ፣ ሕጉስ ምን እንደሚል፣ የተማረውም ወጣት በዚህ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚገባው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነው።

በአንድ ሆስፒታል የሆነ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመዴን ለማስታመም በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሰንብቼ ነበር። ከዘመዴ አልጋ ቀጥሎ ከጮቄ ተራራ ሥር የመጡ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። በሽታቸው ቡአ ስለ ነበረ በማግሥቱ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተወስኗል። የሚያስታምማቸው ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ወደ ማታ አንድ ሠራተኛ ወረቀትና የቀለም መርገጫ ይዞ መጣና «አባባ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አላቸው። ሽማግሌውም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ሠራተኛውም ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ወረቀቱን ያነበበላቸው የለም፤ እርሳቸውም አንብቡልኝ አላሉም።

«አባባ፣ ምን ላይ ነው የፈረሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንጃ ልጄ፤ እነሱ ያውቁታል። የተማሩ ሰዎች አይደሉ!» አሉኝ።

«የመሬት ወረቀት ቢሆንስ እንዲህ ዝም ብለው ይፈርሙ ኖሯል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ለመሬትማ ሦስት ጊዜ አስነብቤ፣ ሽማግሌ አስቀምጬ፣ ምስክር ቈጥሬ ነው!» አሉ። ጥቂት ዝም ካሉም በኋላ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ባለፈው ዓመት በጤና ጣቢያ አንድ መርፌ ቢወጉኝ ሰውነቴ ዐብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ራሴን ስቼ ነበር። አሁንም የሚወጉኝ እሱኑ እንዳይሆን እፈራለሁ» አሉኝ።

ይህንን ለሐኪሙ ነግረዋል ወይ ብላቸው «ማን ጠየቀኝ? ሳልጠየቅ ብናገር ደግሞ ሥራችንን ሊያስተምረን መጣ እንዳይሉኝ» ብለው መለሱልኝ። ልጃቸው ይህን ሲሰማ ደነገጠ። አባቱ መርፌ ተወግተው ራሳቸውን መሳታቸውን ያውቃል፤ ነገር ግን ከሕክምናው ጋራ የሚገናኝ አልመሰለውም። ተነሥቶም ወደ ነርሷ ሄደ።

የነገሩን ፍጻሜ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ። አሁን ግን አንባቢ ልብ እንዲለው የምሻው አንድ ነገር አለ። አንድ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ያንኑ መድኃኒት ሁለተኛ በተወጋ ጊዜ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ የሽማግሌው ሕይወት የተንጠለጠለው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ ያቺንም ዐረፍተ ነገር ያስቀረቻት አክብሮት ናት።

የዝምታው ምክንያት

«ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። በሐኪም ፊት ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዝምታው ከየት እንደ መጣ ስንመረምር ከአንድ የበለጠ ምክንያት እናገኛለን።

አንደኛው የዘመናዊ ሕክምና አመጣጥ ነው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ኋላም በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን ያሠለጠነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ እነዚህ ሁሉ ለሕዝቡ እንደ ችሮታ ሆነው የመጡ ናቸው። ሐኪሙ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ በሆነበት አገር ሐኪም ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ዕድል ነበር። ችሮታ የተቀበለ ሰው ደግሞ እጅ ይነሣል እንጂ ጥያቄ አያነሣም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የበሽተኛው ካርድ የሚጻፈው፣ ሐኪሞቹም በአልጋው ዙሪያ ቆመው የሚነጋገሩት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ስለ ራሱ ሲወራ እየሰማ የማይገባው ሰው ይሆናል። ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ ብዙ ብጠይቅ ሐኪሙ ይቈጣኛል፣ ፊቱንም ያዞርብኛል የሚል። አራተኛው ደግሞ የሐኪሙ ጥድፊያ ነው። ከዐፈሯ ጠባይ የተነሣ ሳይሆን፣ ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ሐኪሙን ያጣድፈዋል። ይህን ሳንናገር ሐኪሙን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን የተጓደለ ይሆናል።

በደብረ ማርቆስ ይህ ነገር ይበልጥ ይታያል። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከሉማሜ፣ ከየጁቤና ከአማኑኤል በኩል በሽታው የጠናበት ሰው ሪፈራል ተጽፎለት የሚመጣው ወደዚሁ ከተማ ነው። ከዚህም ሲያልፍ ወደ ባሕር ዳር ይላካል፤ ወይም የዐባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ አዲስ አበባ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ሆስፒታል መድረሱ ራሱ ፈተና ሆኗል። በዚህ ሁሉ ድካም የደረሰ ሰው «ተቀበሉኝ እንጂ ሌላው ይቅር» ቢል አያስገርምም። ነገር ግን ከሩቅ መምጣቱ የጥያቄውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ሳያውቅ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነገ ተመልሶ የሚጠይቀው አጠገቡ የለምና።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የበሽተኛ መብት የሚባለው ነገር ትናንት ከውጭ አገር የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም የሚሠራበት የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራ ወይም ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን፣ አልፈልግም ለማለት እንደሚችል ደንግጓል። ሕጉ «ማንም ሰው» ሲል የተማረና ያልተማረ፣ ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድኻ ብሎ አልለየም። ሁለት ነገሮችን ብቻ ለይቶ አስቀምጧል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የታዘዘ ክትባትና ምርመራ፣ እንዲሁም ሞግዚት ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ ለተከለከለ ሰው ጤና የሚያደርገው ውሳኔ በዚህ አይነካም።

እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው እሺ ሲል ደግሞ እሺታው ዐውቆ የተናገረው መሆን አለበት። ያልገባውን ነገር እሺ ያለ ሰው እሺ አላለም፤ ዝም አለ እንጂ።

በዚሁ ሕግ በቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ፣ በሳይንሱ ወይም በጥበቡ ደንብ መሠረት ግዴታውን አለማወቁን የሚያሳይ ጥፋት በቸልተኛነት ቢፈጽም ኀላፊ እንደሚሆን ተጽፏል። በቁጥር 2651 ደግሞ ሆስፒታሉ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው በጥፋታቸው በበሽተኛው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ሆስፒታሉ ራሱ በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ነው ይላል።

ይህ ድንጋጌ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ለመረዳት ወደ ውጭ አገር እንመልከት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አንድ ዝነኛ ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። አንዲት ሴት በማደንዘዣ ለመመርመር ብቻ ፈቅዳ፣ ቀዶ ሕክምናውን ግን እምቢ ብላ ሳለች ሐኪሙ እባጩን ቈርጦ አወጣው። ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ ለአካለ መጠን የደረሰና አእምሮው የተሟላ ሰው ሁሉ በአካሉ ላይ የሚደረገውን የመወሰን መብት እንዳለው፣ ያለ ፈቃድ የሚቀድ ሐኪምም ጥፋተኛ እንደ ሆነ ገለጹ። ነገር ግን ሆስፒታሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ነበረ ካሳ አይከፍልም ተባለ። የእኛው ሕግ ግን ገና ሲወጣ ሆስፒታሉን ተጠያቂ አድርጓል።

ዓለምም ይህን ትምህርት የቀሰመው በብዙ መከራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በግድ ስላደረጉት ሙከራ በኑረምበርግ ሲፈረድባቸው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የሰው ፈቃድ ሳይገኝ በአካሉ ላይ ሙከራ ሊደረግ እንደማይገባ የመጀመሪያው መሠረት ሆኖ ተጻፈ። በዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ሊዝበን ላይ ተሰብስቦ የበሽተኞችን መብት የሚገልጽ መግለጫ አወጣ። መግለጫውን ያወጡት ሐኪሞቹ ራሳቸው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። የበሽተኛ መብት የሐኪም ጠላት ቢሆን ኖሮ ሐኪሞች አይጽፉትም ነበር።

በአገራችንም ከፍትሐ ብሔር ሕጉ በኋላ ሌሎች ሕጎች ተከትለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅና መድኃኒት ቀማሚ በሥራው ያወቀውን ምስጢር እንዳያወጣ ከልክሏል፤ በአንቀጽ 537 ደግሞ ብርቱ ችግር ለደረሰበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም የሚልን ባለሙያ ይቀጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299ም ባለሙያው የበሽተኛውን ፈቃድ አስረድቶ እንዲቀበል ደንግጓል።

በሥራ ሲተረጐም

ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ መቀመጡ ብቻ ለበሽተኛው አይጠቅመውም። በካርድ ክፍል፣ በድንገተኛ ክፍልና በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ እንዴት እንደሚተረጐም ማወቅ ያስፈልጋል።

ፈቃድ ማለት ፊርማ ማለት አይደለም። ፊርማው የፈቃዱ ምስክር ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽተኛው አምስት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚደረግለት፣ የሚያሠጋው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ሌላ አማራጭ ሕክምና መኖሩን፣ ምንም ሳይደረግ ቢቀር ደግሞ ምን ሊመጣ እንደሚችል። እነዚህን አምስቱን በሚገባው ቋንቋ ሰምቶ የፈረመ ሰው በእውነት ፈቅዷል። ራሱን ስቶ የመጣና ዘመድ የሌለው ሰው ሲሆን ግን ሐኪሙ ፈቃድ ልጠብቅ ብሎ ሕይወት ሊያሳልፍ አይገባውም።

የሚመረምረውን ሰው ማወቅም መብት ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በከተማው ብዙ የጤና ተማሪዎች ይሠለጥናሉ። ተማሪ በአልጋ ዙሪያ ቆሞ መማሩ ለአገር የሚበጅ ነው፤ ያለዚያ የነገው ሐኪም ከየት ይመጣል? ነገር ግን ነጭ ጋዋን የለበሰው ወጣት «ተማሪ ነኝ፤ እንድመረምርዎ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። አብዛኛውም በሽተኛ «እሰየው ልጄ፣ ተማርብኝ» ብሎ እንደሚመርቀው ጥርጥር የለውም።

ምስጢር መጠበቅ ሌላው ነው። የሰውን በሽታ በወረፋ መካከል ጮክ ብሎ መናገር፣ ካርዱን ለማይመለከተው ሰው ማሳየት፣ በቡና ቤትም እገሌ እንዲህ ያለ በሽታ ይዞታል ብሎ ማውራት ከሥነ ምግባር ጕድለትም አልፎ በሕግ ያስጠይቃል። ትንሽ ከተማ ሁሉም የሚተዋወቅባት ስለ ሆነች ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ስለ ክፍያም ማወቅ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ በጤና ጣቢያም የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲሰጡ የተወሰኑ ናቸው። ለሌላው ሕክምና ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከጎጃም ደቡብ አቸፈር አንዷ ነበረች። አባሉ በዓመት መዋጮውን ይከፍላል፤ ሲታመምም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈራል ደረጃውን ጠብቆ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ስለዚህ አባል የሆነ ሰው መታወቂያውንና ሪፈራሉን አይርሳ፤ መድኃኒት የለም ተብሎ ከውጭ ቢገዛም ደረሰኙን ይያዝ።

ስለ ሴቶች ጉዳይ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ምጥ የጠናባትን ሴት በቀዶ ሕክምና ለማዋለድ ሲፈለግ ባሏ ወይም አማቷ እስኪመጡ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ሕጉ ግን «ማንም ሰው» ሲል ሚስትንም ማለቱ ነው። አካሉ የእርሷ ነው፤ የምትወስነውም እርሷ ናት። የባል ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ባል ገበያ ሄዷልና ይጠበቅ በሚል ነገር የምታልፍ ነፍስ መኖር የለባትም።

መርዶ የሚመስል ምርመራ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሐኪሙ ይልቅ እኛ አስታማሚዎች የምንበድልበት አንድ ጉዳይ አለ። በአገራችን ልማድ መርዶ በድንገት አይነገርም። ክፉ በሽታም ሲገኝ ቤተ ዘመድ ሐኪሙን ወደ ጥግ ጠርቶ «ለእሱ አትንገረው፤ ይደነግጣል» ይለዋል። ይህ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አይካድም።

ነገር ግን እናስብ። ካንሰር ያለበት አባት በሽታውን ሳያውቅ ስለ ሕክምናው እንዴት ይወስናል? መሬቱን አርሶ ለማን እንደሚሰጥ፣ ዕዳውን እንዴት እንደሚከፍል፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋራ እንዴት እንደሚታረቅ፣ ለንስሓ አባቱ ምን እንደሚናገር እንዴት ያዘጋጃል? ከልክለነው ያቈየነው ወሬ ጊዜውን ሰርቆበታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በሽተኛው የሰውን ፊት አይቶ መጠርጠሩ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ እርሱም እንዳላወቀ ይመስላል፣ እኛም እንዳልነገርን እንመስላለን፣ እንዲሁ እንደ ተደባበቅን እንለያያለን።

መልካሙ መንገድ በሽተኛውን ራሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። «አባባ፣ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁሉን ለእርስዎ እንዲነግሩዎ ይወዳሉ ወይስ ለልጅዎ ይንገሩት?» ቢባል እርሱ ይመርጣል። አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሩት ቢል ይህም መብቱ ነው። ልዩነቱ የመረጠው እርሱ መሆኑ ነው።

የበሽተኛው ግዴታ

መብት ያለ ግዴታ አይቆምም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል የኖረው ተረት የመጀመሪያውን ግዴታ ይነግረናል። በሽተኛ ለሐኪሙ እውነቱን መናገር አለበት፤ ቀድሞ የወሰደውን መድኃኒት፣ ያልተስማማውን መርፌ፣ ከባህል ሐኪም ያገኘውን ሥር፣ ጠበል ገብቶ እንደ ሆነም ይህንኑ። በጎጃም ጠበል መግባት የቈየ ሥርዐት ነው፤ ሐኪሙም በዚህ ሊያፌዝ አይገባውም። ችግር የሚመጣው የታዘዘው መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋራ አብረው ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር የሚወሰድ ነው፤ ሳሉ ተወኝ ብሎ በሁለተኛው ወር ያቋረጠ ሰው መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ለራሱም ለቤተ ሰቡም ያተርፋል።

ሁለተኛው ግዴታ ሠራተኛን ማክበር ነው። ሌሊቱን ያልተኛች ነርስ ስድብ አይገባትም። ሦስተኛው ደግሞ የሐኪምን ዕዳ ለይቶ ማወቅ ነው። ሐኪሙ የሚጠየቀው በሙያው ደንብ የሚቻለውን ሁሉ ስለ ማድረጉ ነው እንጂ ስለ መዳን አይደለም። ሞት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋትም ሁሉ ሞትን አያስከትልም። በእውነት ጥፋት አለ ብሎ የሚያምን ሰው ግን ከጩኸት በፊት ሥርዐቱን ይከተል። መጀመሪያ የክፍሉን ኀላፊ፣ ቀጥሎ የሆስፒታሉን ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም የጤና ቢሮውን ያነጋግር። በአስተዳደር በደል ለሚደርስበትም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ከሆነ፣ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ስለሚያዝ ቀኑን አያሳልፍ። ወረቀቱን፣ ማዘዣውንና ደረሰኙን ሁሉ ያስቀምጥ።

የተማረው ልጅ ሥራ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ይልቁንም ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ከገጠር አባቱን ወይም እናቱን ወደ ሆስፒታል የማያመጣ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። አባት ልጁን ያስተማረበት ምክንያት አንዱም ይህ ነው፤ በማያውቀው ቢሮና በማያነበው ወረቀት ፊት መሪ እንዲሆነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ። የተማረው ልጅ ከሐኪሙ ጋራ ጥቂት እንግሊዝኛ ተነጋግሮ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወደ አባቱ ዞሮ «ምንም አይደለም፤ ፈርም» ይላል። በዚህ ጊዜ ልጁ አባቱን አልረዳም፤ ሁለተኛ ሐኪም ሆኖበታል እንጂ። የልጁ ሥራ ስለ አባቱ መወሰን አይደለም፤ አባቱ እንዲወስን ማድረግ ነው። ሐኪሙ የተናገረውን በአማርኛ፣ በቤቱ አማርኛ፣ ይንገረው። ከዚያም «አባባ፣ የነገርኩዎን እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» ብሎ ይጠይቀው። መልሶ መናገር ከቻለ ገብቶታል፤ ካልቻለ እንደ ገና ይነገረው።

ወደ ሐኪሙ ከመግባትም በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጥያቄዎቹን ቢጽፍ ይረዳዋል። አባትየው የሚወስደው መድኃኒት ስም፣ የማይስማማው ነገር፣ በሽታው የጀመረበት ጊዜ፣ ሊጠየቅ የሚፈለገው ሁሉ ይጻፍ። በሥራ የተጣደፈ ሐኪም የተዘጋጀን ጠያቂ ይወዳል፤ ጊዜውን ይቈጥብለታልና። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የተባለው ለተማሪ ቤት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ነርሷ ልጁ የነገራትን እንደ ሰማች ወዲያው መጥታ ሽማግሌውን ጠየቀች፤ ያልተስማማቸውን መርፌ ነገር በካርዳቸው ፊት ላይ በቀይ ቀለም ጻፈች። የታዘዘላቸውም መድኃኒት ታይቶ ተለወጠ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ መጣና አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ወጣት ነው፤ ዐይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

ሽማግሌው ቀና ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ በዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው ድምፃቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ልጠይቅህ፤ የምትቀደው የትኛውን ወገን ነው? ምን ያህል ጊዜስ ያስተኛኛል? ባልቀደድስ ምን እሆናለሁ? ከዳንሁ በኋላስ ሞፈር መሸከም እችላለሁ? እንዳልነቃ የሚያደርግ ነገርስ አለበት?» አሉት።

ሐኪሙ አንድ በአንድ መለሰላቸው። ሞፈሩን ጥቂት ወራት እንዲተዉት ነገራቸው። የሚያሠጋውንም ነገር አልደበቃቸውም። ነገሩ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሽማግሌውም ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «በል እንግዲህ ይህን ከነገርኸኝ ቅደደኝ» አሉ። ሐኪሙ ሳቀ፤ ወረቀቱንም አስመጥቶ በአማርኛ አነበበላቸው። በዚያው በፊት በፈረሙበት ወረቀት ላይ እንደ ገና አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ያቺ ሁለተኛዋ አሻራ ከፊተኛይቱ ጋራ አንድ ዐይነት ትመስላለች፤ በሕግም በሕሊናም ግን ፈቃድ የምትባለው እርሷ ናት።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። በሆስፒታል ያልተናገረ ሰው የሚቀርበት ከደጃዝማችነት ይበልጣል። አባቶቻችን ስለ ርስታቸው «ተጠየቅ» ሲሉ ዳኛውን መናቃቸው አልነበረም፤ ፍርድ ያለ ጥያቄ እንደማይቀና ስለሚያውቁ ነው። ከርስት ሁሉ የቀደመው ርስት ደግሞ አካል ነው። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አባትህን ወይም እናትህን ይዘህ ወደ ሐኪም ስትሄድ ካርድና ገንዘብ ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ ጥያቄም ይዘህ ሂድ። አንተ ራስህ ጋዋን የለበስህ ወይም በመስኮት ውስጥ የተቀመጥህ ሠራተኛ ከሆንህም፣ ያ ከጮቄ ሥር የመጣ ሰው ዝም ሲል ገብቶታል አትበል፤ እንዲጠይቅህ ጠይቀው።